የመንጋጋችንን አጥንት የሚበላው ማን ነው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ድድ በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። በአገራችን ስለ ጥርስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መቦርቦርና ወደ ማስነቀል ስለሚሄድ፣ ድድ ራሱን ችሎ ርዕስ ሆኖ መቅረቡ አስደስቶኛል፤ ጸሐፊው ስለ ጥርስ አቦራረሽና ስለ እጥበት የሰጡት ምክርም ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ የጽሑፉ ዋና ማብራሪያ፣ ማለትም ጀርሞች ጥርስን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ እየበሉ ጥርሱን ያወልቁታል የሚለው፣ እርማት ያስፈልገዋል። ድድንና የጥርስን ደጋፊ አካላት የማክም ሐኪም ነኝ፤ ይህንኑ ማብራሪያ ከታካሚዎቼ ዘወትር እሰማዋለሁ፣ ሰውን ወዴት እንደሚመራውም አያለሁ። አጥንቱን የሚበላው ጀርም ነው ከተባለ መፍትሔው ጀርሙን መግደል ብቻ ይመስላል፤ ስለዚህ ታካሚው ድዱ ባበጠ ቁጥር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል፣ እብጠቱ ለጥቂት ቀናት ጋብ ይልለታል፣ አጥንቱ ግን ከሥር መሟሟቱን ይቀጥላል።

ባክቴሪያ አጥንት አይበላም። የመንጋጋን አጥንት የሚያሟሟው ኦስቲዮክላስት የሚባል የገዛ ራሳችን ሴል ነው። ይህ ሴል በጤነኛ ሰውም ዘንድ ያረጀ አጥንት እያነሳ ለአዲሱ ቦታ ሲያዘጋጅ የሚኖር ሲሆን፣ በድድ በሽታ ጊዜ ከልክ በላይ እንዲሠራ የሚያዝዘው ከበሽታ መከላከል ሥርዓታችን የሚወጣ መልእክት ነው። ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሰው ደም የወሰዷቸውን ነጭ የደም ሴሎች ከጥርስ ላይ ከተፋቀ የባክቴሪያ ንጣፍ ጋር በብልቃጥ ውስጥ አቆዩአቸው፤ ከዚያም ሴሎቹ የነበሩበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው በላቦራቶሪ በሚንከባከቡት አጥንት ላይ ሲጨምሩት አጥንቱ ካልሲየሙን መልቀቅ ጀመረ። አጥንቱን ያሟሟው ከሰው ሴል የወጣ አንድ ነገር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። የዚያ ነገር ማንነት እስኪለይ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ፤ በ1985 ተጣርቶ ሲመረመር ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ሆኖ ተገኘ።

ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ሳይቶካይን ከሚባሉት ወገን ነው። ሳይቶካይኖች የበሽታ መከላከያ ሴሎች እርስ በርሳቸውና ከሌሎች ሴሎች ጋር የሚነጋገሩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ሲጎሰም ዘማቹ ከየአቅጣጫው ይሰበሰብ ነበር፤ ነገር ግን በሚያልፍበት አገር ሁሉ ከገበሬው ጎተራ ስለሚመገብ፣ ዘመቻው በረዘመ ቁጥር ከጠላት ይልቅ ባላገሩ ይራቆት ነበር። በድድ ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ጥርስና ድድ በሚገናኙባት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። የድድ ሽፋን ሴሎች ባክቴሪያው መኖሩን ሲያውቁ ኢንተርሉኪን-8 የሚባለውን መልእክት ያወጣሉ፤ ይህም ኑትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር አውጥቶ ወደ ክፍተቷ ይጠራቸዋል። ጥሪው በጤናማ ድድም ቢሆን አይቋረጥም። ንጣፉ ሳይነሳ ሲሰነብት ግን ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ኢንተርሉኪን-1 ቤታን፣ ኢንተርሉኪን-6ን እና ቲኤንኤፍ አልፋን አብዝተው ያመነጫሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሳልፋሉ፣ ድዱ ያብጣል፣ ብሩሽ ሲነካው ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ እና የሥራ ባልደረቦቻቸው ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አድርገው ነበር። ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። ድድ ብቻ ተቆጥቶ አጥንት ባልተነካበት በዚህ ደረጃ የማይመለስ ጉዳት የለም፤ ታካሚ በዚህ ጊዜ ቢመጣልን ሥራችን ቀላል ነው።

ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ አጥንቱን ሲጠጋ ነገሩ ይለወጣል። በቦታው የተሰበሰቡት ቲ እና ቢ ሊምፎሳይቶች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ራንክኤል የሚባለውን መልእክት ያወጣሉ፤ ገና ያልበሰሉት ሴሎች ወደ ኦስቲዮክላስትነት የሚያድጉት ይህ መልእክት ሲደርሳቸው ነው። ሰውነታችን ራንክኤልን እየያዘ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ኦፒጂ የተባለ ሌላ ፕሮቲንም አለው። አጥንት የሚቀረው ወይም የሚሄደው በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ነው። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ፣ ቲኤንኤፍ አልፋ እና በተለይ ኢንተርሉኪን-17 ሚዛኑን ወደ ራንክኤል ያጋድሉታል። በዚያው ጊዜ ኑትሮፊሎችና የድዱ የራሱ ሴሎች የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ድድን ከጥርስ ጋር ያሰሩትን የኮላጅን ክሮች ይበጣጥሳሉ፣ ክፍተቷም ወደ ታች እየጠለቀች ትሄዳለች። በክሊኒክ የምናየው ይህንን ነው፤ ሚሊሜትር የተቀረጸባትን ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርገን ስናስገባት በጤናማ ቦታ ሦስት ሚሊሜትር ሳታልፍ ትቆማለች፤ በታመመው ቦታ ግን እስከ ስድስትና ሰባት ትሰምጣለች፣ ስናወጣትም ደም ይከተላታል።

ታዲያ ባክቴሪያው ነፃ ነው ማለቴ ነው? በፍጹም። ከድድ በሽታ ጋር በእጅጉ ከተቆራኙት አንዱ የሆነው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚሠራው ተንኮል ግን አጥንት ከመብላት የረቀቀ ነው። ይህ ባክቴሪያ ጥርስን እንደሚቦረቡሩት ባክቴሪያዎች በስኳር አይኖርም፤ የሚመገበው ፕሮቲንና ከደም የሚያገኘውን ብረት ነው። ስለዚህ ድድ መቆጣቱና መድማቱ ለእሱ መኖ ነው፤ የሚያስፈራው በሚቆጣው ሴል መገደል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ የድድ ሽፋን ሴሎች ለሌሎች ባክቴሪያዎች የሚያወጡትን ኢንተርሉኪን-8 ይህ ባክቴሪያ ሲቀላቀል ማውጣት እንደሚያቆሙ ታየ፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ዝም ያሰኘዋል ማለት ነው። ጂንጂፔይን የተባሉት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹም ሳይቶካይኖችን ራሳቸውን ይቆራርጣሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኮምፕሊመንት ከሚባለው የደም መከላከያ ሥርዓት ሲ5 የተባለውን ፕሮቲን ቆርጦ ሲ5ኤ የሚባለውን ኃይለኛ መልእክት ራሱ ማዘጋጀቱ ነው። ኑትሮፊሉ ይህን መልእክት በተቀበለበት ቅጽበት ባክቴሪያውንም በሌላ ተቀባይ በኩል ሲነካ፣ ሁለቱ ምልክቶች ተደራርበው የመግደል ችሎታው ይታገዳል፣ ብግነት፣ ማለትም የድዱን ቁጣ፣ የሚያቀጣጥሉትን ሳይቶካይኖች ማውጣቱ ግን ይቀጥላል።

በሙያው ካነበብኳቸው ሙከራዎች ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ጆርጅ ሃጂሸንጋሊስ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ነው። ይህን ባክቴሪያ በአይጦች አፍ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ሲጨምሩት፣ ቀድሞ በሰላም ይኖሩ የነበሩት የአፍ ባክቴሪያዎች ቁጥርና ስብጥር ተለውጦ የመንጋጋ አጥንት መመናመን ጀመረ። ምንም ዓይነት ባክቴሪያ ሳይነካቸው ባደጉ አይጦች አፍ ውስጥ ብቻውን ሲጨመር ግን አጥንቱ አልተነካም። የኮምፕሊመንቱን መልእክት የሚቀበለው ተቀባይ በሌላቸው አይጦችም አጥንቱ ደህና ሆነ። ጀርሙ በራሱ አጥንት የሚበላ ቢሆን ኖሮ በሦስቱም ሁኔታ አጥንቱ በጠፋ ነበር።

ወደ ሰው ስንመጣ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ከስሪላንካ የሻይ እርሻዎች የተገኘው ነው። ያው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ያህል 480 ወንድ የሻይ ሠራተኞችን ተከታትለዋል። ሰዎቹ ጥርሳቸውን የማጽዳት ልማድ አልነበራቸውም፣ የጥርስ ሕክምናም አላገኙም፤ በሁሉም ጥርስ ላይ ንጣፍና ታርታር (ጠንክሮ እንደ ድንጋይ የሆነ ንጣፍ)፣ በሁሉም ድድ ላይ ቁጣ ነበር። በ1986 የታተመው ውጤት ግን ሦስት ዓይነት ሰዎችን አሳየ። 8 በመቶ የሚሆኑት ደጋፊ አካላቸው በፍጥነት ሲፈርስባቸው፣ 81 በመቶዎቹ በመካከለኛ ፍጥነት ሄዱ፤ 11 በመቶዎቹ ደግሞ ድዳቸው እየደማ ቢኖርም በሽታው ከዚያ አላለፈም። በ35 ዓመት ዕድሜያቸው የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ወደ 9 ሚሊሜትር የሚጠጋ ድጋፍ አጥተው ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ። ሥራቸው፣ ምግባቸውና ልማዳቸው ተመሳሳይ ነው። ቆሻሻው ብቻ በሽታውን የሚወስን ቢሆን ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር? በየቤቱም የምናውቀው ነገር ነው፤ በአንድ ቤት ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ በአርባ ዓመቱ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ሌላው ብሩሽ ብዙም ሳይነካ በሙሉ ጥርሱ ይሸመግላል። ጥርሱ የወለቀበት ሰው «ቆሻሻ ነህ» ከሚለው ነቀፋ ሊያርፍ ይገባዋል፤ ይህንን አጥብቄ የምለው በኃፍረት ምክንያት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚያናግሩኝ ታካሚዎች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ከጽሑፋችሁ ሌላ ያሳሰበኝ ምክር «የሰውነትን የመከላከል አቅም ማሳደግ» የሚለው ነው። በድድ በሽታ መከላከያው ደክሞ የሚጎዳን ጊዜ አለ፤ በምግብ እጥረትና በኩፍኝ በተዳከሙ ሕፃናት ላይ ድድ ላይ ጀምሮ ፊትን የሚበላው ኖማ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው፣ በአገራችንም የሚታይ ነው። በአብዛኛው አዋቂ ላይ የሚታየው የድድ በሽታ ግን የጉልበት ማነስ አይደለም፤ መቼ ማቆም እንዳለበት ያጣ ብግነት ነው። ኑትሮፊሎቻቸው ከደም ሥር መውጣት በማይችሉበት አንድ ብርቅ የውርስ በሽታ የተያዙ ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ጥርሳቸውን የሚያጡት ባክቴሪያው ስለበረታ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ኋላ ድዳቸው ሲመረመር ኢንተርሉኪን-17 ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ሕክምና፣ ለዚህ መልእክት መንገድ የሚከፍቱትን ኢንተርሉኪን-12ን እና ኢንተርሉኪን-23ን የሚያግድ ዩስቴኪኑማብ የተባለ መድኃኒት ለአንድ ታካሚ ተሰጥቶ የድዱ ብግነት በርዷል። ያ መድኃኒት ባክቴሪያ አይገድልም።

እንዲህ ከሆነ ለሁሉም ታካሚ ሳይቶካይን የሚያግድ መድኃኒት ለምን አይሰጥም የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ኢንተርሉኪን-1ንና ቲኤንኤፍን ማገድ የአጥንቱን መመናመን በእጅጉ ቀንሶታል። ነገር ግን ቲኤንኤፍ በሳንባችን ውስጥ የተኛውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አጥሮ የሚይዘውም ነው፤ ይህንን መልእክት የሚያግዱ መድኃኒቶች የተኛ ነቀርሳ እንደሚቀሰቅሱ በሚገባ ይታወቃል። የሳንባ ነቀርሳ በሰፊው ባለበት አገራችን ጥርስ ለማዳን ሲባል የሚደፈር ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬም ዋናው ሕክምና ብግነቱን የሚቀሰቅሰውን ንጣፍና ታርታር ከድዱ በታች ሳይቀር ጠርጎ ማንሳት ነው። በየክሊኒኩ እጥበት የምንለው ሥራ ለብዙ ሰዎች ጥርስ ለማንጣት የሚደረግ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ፋይዳው መልእክቱን ከምንጩ ማብረዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ በንጣፉ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚኖሩ ክኒን ብቻውን አይደርስባቸውም፤ አንቲባዮቲክ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ከእጥበቱ ጋር ተደግፎ ሐኪም ሲያዘው እንጂ በእጥበቱ ምትክ አይሠራም።

በጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልተነሳው የስኳር በሽታ ነው፤ እኔ ቢፈቀድልኝ ግማሹን ገጽ ለእሱ እሰጠው ነበር። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ የሚፈጥራቸው ውሁዶች የማክሮፌጆችን ተቀባይ ይነካሉ፣ ማክሮፌጆቹም ለዚያው የባክቴሪያ መጠን ብዙ ኢንተርሉኪን-1 ቤታና ቲኤንኤፍ ያወጣሉ። በተቃራኒው ከተቆጣ ድድ ወደ ደም የሚገቡት ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 ኢንሱሊን በጡንቻና በጉበት ላይ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የድድ በሽታ አመዳደብ ውስጥ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ውጤት 7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው በፍጥነት ከሚገሰግሰው ምድብ የሚቀመጠው፤ በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ድዳቸው የታከመላቸው የስኳር ሕሙማን ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይኸው የምርመራ ውጤት በአማካይ በ0.43 በመቶ ነጥብ ዝቅ ብሎላቸዋል። ይህ አንድ ተጨማሪ መድኃኒት ከሚሰጠው ጥቅም ብዙ የማይርቅ ነው። በስኳር ክትትል ክፍል እግራቸውና ዓይናቸው የሚታይላቸው ሕሙማን አፋቸውን እንዲከፍቱ የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

አንባቢ ምን ያስተውል? መድማትን። ድዳቸው የሚደማ ብዙ ሰዎች ብሩሹ ያቆሰላቸው መስሏቸው መቦረሽ ይተዋሉ፤ ንጣፉ ይበዛል፣ ጥሪው ይበረታል፣ ይብሱኑ ይደማሉ። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ የለመደም በመፋቂያው፣ የሚደማውን ቦታ ሳይዘሉ በየቀኑ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ በሁለት ሳምንት ካልተወ ሐኪም ይየው። በብዙዎቻችን ዘንድ ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ መጻሕፍት የሚሉት መቅላት ጎልቶ አይታይም። የተነቀሰ ድድ ላይ ደግሞ ይብስ ይደበቃል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ ወግተው ጥላሸት የሚቀቡት ለውበት ብቻ ሳይሆን መድማትን ያስቀራል ተብሎም ነበር፤ ወደ እስራኤል በሄዱ አረጋውያን እናቶችም ድድ ላይ ይኸው ንቅሳት ይታያል። ንቅሳቱ ቀለሙን ይሸፍናል፣ ከሥሩ ያለውን ብግነት ግን አይነካውም። ስለዚህ በእነዚህ ሰዎች ላይ ቀለም ከመፈለግ ይልቅ እብጠትን፣ መድማትን፣ የአፍ ጠረንን፣ በጥርስ መካከል አዲስ ክፍተት መፈጠሩን ማየት ይሻላል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሲጋራው መድማቱን ስለሚቀንስበት፣ ድዱ ስላልደማ ብቻ ደህና ነኝ ብሎ መዘናጋት የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚያጠቃ ገልጿል። ስለዚህ ጉዳይ በመጻፋችሁ ልትመሰገኑ ይገባል፤ ሁለት ነገሮችን ግን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው እትም በጤና ዓምዱ፣ አጥንቱን የሚያሟሟው የራሳችን የበሽታ መከላከያ ምላሽ መሆኑን፣ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መዋጥም በሽታውን እንደማያድነው የሚገልጽ አጭር ማስተካከያ ይውጣ። ከዚያም ዓምዱ የስኳር ሕክምና ባለሙያና የጥርስ ሐኪም በአንድ ገጽ ላይ የሚወያዩበትን ዝግጅት ያስብበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሙያዊ እገዛ ያለ ክፍያ ለማድረግ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድድ ሕክምና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ